ገንዳውን አታፍስሺው፦ ቡናማ ስለሆነው የጉድጓድ ውሃ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። አዲሱን መዋኛ ገንዳ ከግቢሽ ጉድጓድ ሞላሽ። ውሃው ሲገባ ኩልል ያለ ነበር። ማታ ክሎሪን ጨመርሽ፣ ጠዋት ስትነሺ ሻይ መስሎ ጠበቀሽ። እዚህ የመለሱልሽ ሰዎች ግማሾቹ «አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) ነው፣ ክሎሪን ድገሚበት» ብለዋል። ግማሾቹ ደግሞ «አፍስሺና እንደ አዲስ ሙዪ» ብለዋል። ሁለቱንም አድርጌያቸዋለሁ። ሁለቱም አክስረውኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እኔ ከባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ በሚወስደው መንገድ አነስ ያለ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ገንዳዬ 10 ሜትር በ5 ሜትር ነው፣ አማካይ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል። 75 ሺህ ሊትር ይይዛል። ያንቺም ከዚህ ብዙ አይርቅም ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ክሎሪን መጨመሩን አሁኑኑ አቁሚ። ጉድጓድሽ ውስጥ የሟሟ ብረት አለ። መሬት ውስጥ አየር ስለማያገኝ ሟሙቶ ይኖራል፣ በዓይን አይታይም። አየር ወይም ክሎሪን ሲያገኘው ዝገት ይሆናል። ክሎሪን በጨመርሽ ቁጥር የተረፈውንም ታዘጊዋለሽ።

ይህን መጀመሪያ የነገረችኝ አንሶላ የምታጥብልን ሴት ናት። ገንዳው ከመሞላቱ ሁለት ወር በፊት «ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ላይ በረኪና ስጨምር አንሶላው ቢጫ ይሆንብኛል» አለችኝ። በረኪና ያው ክሎሪን ነው። እኔ ግን በረኪናው ጥራት የለውም ብዬ ሌላ ገዛሁላት። እናቴም ስትመጣ «የዚህ ግቢ ሻይ ለምን ይጠቁራል?» ትል ነበር። ብረት ያለበት ውሃ ሻይ ያጠቁራል። ሁለት ሰው ነግሮኝ አልሰማሁም። አንቺ ግቢም ልብስ የሚያጥብ ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቂ። የሽንት ቤቱንም ውሃ መያዣ ክዳን ክፈቺና ውስጡ ዝገት ይዞ እንደሆነ እዪው።

2. ነጭ ባልዲ ውሰጂ። ከጉድጓዱ በቀጥታ ቅጂ፣ ከሮቶ አይሁን። አንድ ቁንጥር የክሎሪን ዱቄት ጨምሪበትና አንድ ሰዓት ያህል ተዪው። ቡናማ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ብረት ነው። ወደ ጥቁር ካደላ ማንጋኒዝ የሚባል ሌላ ማዕድን አለበት። ኩልል እንዳለ ከቀረ ግን ችግሩ የጉድጓዱ ውሃ ላይ አይደለም፣ የኔም ምክር አይሆንሽም።

3. ውሃውን አስመርምሪ። እዚህ ላይ ግን ተዘጋጅተሽ ሂጂ። እኔ የሄድኩበት ቢሮ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የመዋኛ ውሃ? ሕዝብ የሚጠጣው ቸግሮ አንተ ስለ መዋኛ ትጠይቃለህ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ፊት። ከዚያ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤ ሳመጣ ኃላፊው የለም ተባልኩ። ሦስተኛ ቀን ላይ «ይህን ውሃ ሠራተኞቼም እንግዶቼም ይጠጡታል» አልኩ። እውነትም ይጠጡታል። ያኔ ተቀበሉኝ። አንቺም ከመጀመሪያው የመጠጥ ጉድጓድ ነው በይ፣ ሦስት ቀን ይተርፍልሻል። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተሽ በዚያው ቀን አድርሺ። ካደረ ብረቱ ታች ይዘቅጥና ቁጥሩ አንሶ ሊወጣ ይችላል።

የኔ ውጤት በሊትር 2.4 ሚሊግራም ብረት ሆኖ መጣ። 0.3 ካለፈ ልብስ ያቆሽሻል። 2.4ን በ75 ሺህ ሊትር ስታባዢው 180 ግራም ይመጣል። ገንዳዬ ውስጥ ይህን ያህል ብረት ተበትኖ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩን ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ብረት ከገንዳው መውጣት አለበት እንጂ ክሎሪን አያጠፋውም።

ወረቀቱ እስኪመጣ ግን ጥፋቱን ሠርቼው ነበር። ኬሚካል የሚሸጠው ሰውዬ ውሃውን በስልክ ፎቶ ብቻ አይቶ «አልጌ ነው» ብሎ መዳብ ያለበት የአልጌ ማጥፊያ ሸጠልኝ። ብረት ባለበት ውሃ ላይ መዳብ ጨመርኩ። ውሃው ከቡናማ ወደ ጭቃ አረንጓዴ ዞረ። ተናደድኩና ገንዳውን አፈሰስኩት። ነሐሴ ነበር።

እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ። በክረምት ገንዳ አታፍስሺ። የእኛ አካባቢ በነሐሴ ትንሽ ስትቆፍሪ ውሃ ይመጣል። የሞላ ገንዳ ክብደት አለው፣ መሬት ውስጥ ያለውን ውሃ ተጭኖ ይይዘዋል። ባዶ ሲሆን እንደ ታንኳ ነው፣ ከሥር ያለው ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ካፈሰስኩ በሁለተኛው ሌሊት ድምፅ ሰማሁ። ጠዋት ስወርድ ጥልቁ በኩል ወለሉ ተነፍቶ ሴራሚኩ ተሰንጥቋል። ለማሠሪያ 140 ሺህ ብር ወጣብኝ። አሠርቼ ከዚያው ጉድጓድ ስሞላው ደግሞ ያው ቡናማ ውሃ ተመልሶ መጣ። ያን ዕለት ባለቤቴን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ያዳነኝ በመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ለብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። «አፈር የያዘ ውሃ በምን ይጠራል? በአሉም ነው፤ ያንተም ከዚያ አይለይም» አሉኝ። አሉም በውሃው የተበተነውን ደቃቅ ነገር አያይዞ ወደ ታች የሚያዘቅጥ ጨው ነው። አብረን ሠራነው። መጀመሪያ ብረቱ በሙሉ እንዲዝግ ክሎሪኑ ሥራውን ይጨርስ፣ ያንቺ ይህን አልፏል። ፒኤቹን (የውሃውን ኮምጣጣነት የሚለካውን ቁጥር) 7.5 አካባቢ አድርጊው። ከዚያ ለአንድ ሜትር ኩብ 50 ግራም ያህል አሉም አስቢ። ለኔ ወደ 4 ኪሎ ሆነ። በባልዲ በጥብጠሽ በገንዳው ዙሪያ አፍስሺ። የማጣሪያው ቫልቭ ውሃው በውስጡ ባለው አሸዋ ሳያልፍ የሚዞርበት ቦታ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ማጣሪያሽ ይደፈናል። ሁለት ሰዓት አዙሪና ፓምፑን አጥፊ። አንድ ሙሉ ቀን ማንም አይንካው።

በማግስቱ ዝገቱ ሁሉ ወለሉ ላይ እንደ ቡና አተላ ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ቫልቩን ወደ ውጭ መድፊያው አዙረሽ በቫኪዩም ሳቢው። በማጣሪያው በኩል ከሳብሽው ደቃቁ አልፎ ይመለሳል። ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ እንደ ሽማግሌ አረማመድ። የኛ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ቸኩሎ ሁሉንም በጠበጠው። አንድ ቀን ጨምረን ጠበቅን። አሉም ፒኤች ስለሚያወርድ መጨረሻ ላይ ፒኤች ከፍ በሚያደርገው ዱቄት፣ በሶዳ አሽ፣ አስተካክዪው።

እኔ ሁለት ዙር ፈጀብኝ። በሦስተኛው ጠዋት የአንድ ብር ሳንቲም ጥልቁ ጋ ጣልኩና ቆሜ አንበሳውን አየሁት። ጎረቤታችንን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዘንድሮ ለጥምቀት የመጡት እንግዶች ውሃውን ከየት እንደምናመጣው ጠይቀውኛል። ከዚያው ጉድጓድ ነው።

የጎደለውን ለመተካት የሚሞላውንም ውሃ አትርሺ። በበጋ ፀሐይ በቀን ግማሽ ሳንቲሜትር ቢወስድብሽ በኔ ገንዳ ስፋት 250 ሊትር ነው። ያን ከጉድጓድ በቀጥታ ከተካሽ ብረቱን በየቀኑ ትመልሺዋለሽ። እኔ የጉድጓዱን ውሃ በተበሳሳ ቧንቧ ከላይ እያዘነብኩ ወደ ሮቶ አስገባዋለሁ። አየር ሲያገኘው ይዝጋል፣ አድሮ ይዘቅጣል። የምስበው ከታች ሳይሆን ከመሃል ነው። ሮቶውን በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ። ለማንጋኒዝ ግን አየር ብቻ አይበቃም፣ ሮቶው ላይ ክሎሪን ያስፈልጋል። ብረቱን ሟሙቶ እንዲቆይ የሚይዝ መድኃኒትም አለ፣ ግን ብረቱ እዚያው ይቀራል፣ በየጊዜውም መድገም ያስፈልጋል። እኔ አልወደድኩትም።

ነገ ጠዋት ባልዲውን ሞክሪና የቀለሙን ፎቶ እዚሁ ለጥፊልኝ። የገንዳሽን ልክም ጻፊ፣ የአሉሙን መጠን አብረን እናሰላዋለን። እስከዚያ ማንም መጥቶ አፍስሺው ቢልሽ እሺ እንዳትዪ።