«አዲሱ የትራያትሎን ሳይክል አስፈራኝ፣ ልሽጠው ወይ?» ላልሽው እህታችን

ሰላም እህት ዓለም። ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመውና ልቀጥል። ማራቶን ሯጭ ነሽ። ጁን ላይ ኬምብሪጅ ሜሪላንድ ለሚካሄደው ኢግልማን 70.3 ለተባለው ትራያትሎን (ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ በተከታታይ የሚደረግበት ውድድር) ተመዝግበሻል። ያገለገለ የትራያትሎን ሳይክል ገዛሽና ቅዳሜ ጠዋት ዲሲ ወንዝ ዳር ያለው ሄይንስ ፖይንት ወስደሽ ነዳሽው። መሪው ተንቀጠቀጠብሽ፤ ንፋሱ ወደ ጎን ገፋሽ፤ ፍሬኑ ራቀሽ፤ አንገትሽን አመመሽ፤ ታች ደግሞ ደነዘዘሽ። ይህን ሁሉ ችለሽም ፍጥነትሽ ከድሮው የመንገድ ሳይክልሽ እምብዛም አልበለጠም። «ልሽጠውና በድሮው ልወዳደር?» ነው ጥያቄሽ።

አትሽጪው። ቢያንስ አሁን አትሽጪው። ያልሽው ነገር ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም በዚህ ዓይነት ሳይክል ለዓመታት ነድቻለሁ፣ አውቀዋለሁ። ግን ቅዳሜ የሞከርሽው ሳይክሉን አይደለም። የሞከርሽው የቀድሞው ባለቤት ለራሱ ቁመት ያስተካከለውን ነገር ነው። የተዋስሽው ጫማ አድርገሽ ማራቶን ሮጠሽ «ሩጫ አይሆነኝም» እንደማለት ነው።

ከመንቀጥቀጡ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው እሱን ነው። በመንገድ ሳይክል ላይ እጅሽ ሰፋ ብሎ መሪውን ይይዛል። እዚህ ግን ኤሮባር አለ፤ ከመሪው ወደ ፊት የወጡ ሁለት ዘንጎች ናቸው። ክርኖችሽ ፓድ በሚባለው የክርን ትራስ ላይ ተጠጋግተው ያርፋሉ፣ ክብደትሽ ወደ ፊት ይሄዳል፤ መሪውን የምታዞሪው በእጅሽ ሳይሆን በክንድሽና በትከሻሽ ነው። ስለዚህ ትከሻሽ ትንሽ ሲነቃነቅ መሪው አብሮ ይነቃነቃል። ስትፈሪ ደግሞ ኤሮባሩን ጨምቀሽ ትይዣለሽ፣ ትከሻሽ ይገተራል፣ መንቀጥቀጡ ይብሳል። እዚህ ላይ ሳይክሉ ምንም አላጠፋም፤ አሠራሩ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ክብደትሽን ክርንሽ አጠገብ ባለው አጥንት ላይ ጣይው። ጣቶችሽ ኤሮባሩን ይንኩት እንጂ አይጨብጡት። ዓይንሽ የፊት ጎማውን አይይ፤ ከ20 እስከ 30 ሜትር ርቀሽ እይ። ደግሞ በጣም ቀስ ብለሽ አትንጂው፤ ሲዘገይ ይወላገዳል፣ ትንሽ ፍጥነት ሲያገኝ ቀጥ ይላል። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ሳይክል የተማርነው ሰፈር ውስጥ በሰዓት ተከራይተን ነው። መቀሌ ሳይክል ላይ ያደገ ሰው ይለያል፤ እኛ ሯጮቹ ግን ሳንባና እግር ይዘን እንመጣለን እንጂ የመሪ ልምድ ይዘን አንመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጊ። እሁድ ጠዋት የትምህርት ቤት ግቢ ጥሩ ነው።

እዚያ የምትለማመጂው አንድ ነገር ነው፤ ከኤሮባር መውጣትና መግባት። ሁለቱንም እጅ በአንዴ አታንሺ። መጀመሪያ ክብደትሽን በግራ ክርንሽ ላይ፣ ወደ መሃል ጠጋ አድርጊው። ከዚያ ቀኝ እጅሽን አንስተሽ የታችኛውን መሪ ያዢ። እሱ ጨብጦ ሲያበቃ ግራውን አምጪ። ስትመለሺም እንዲሁ አንድ በአንድ። ሰውነትሽ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ደጋግሚው። ውሃ መጠጣትና ጄል መቅደድ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን የምልሽ በፍሬኑ ምክንያት ነው። ማርሹ ያለው ኤሮባሩ ጫፍ ላይ ነው፤ ፍሬኑ ግን የታችኛው መሪ ላይ። ተኝተሽ ስትነጂ እጅሽ ፍሬን ላይ የለም። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ወደ 10 ሜትር ትጓዣለሽ። ሄይንስ ፖይንት ቅዳሜና እሁድ ምን እንደሚመስል አይተሻል፤ ሯጭ አለ፣ ጋሪ የምትገፋ እናት አለች፣ አጥሩ ሥር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች አሉ፣ ያ ሁሉ ዝዬ ደግሞ መንገዱን የራሱ አድርጎታል። ሰው፣ መኪና ወይም መታጠፊያ ባየሽ ቁጥር ከኤሮባር ውጪ። በቡድን ስትነጂም ኤሮባር ላይ አትተኚ። ከኋላ ያለው ሰው ፍሬን እንደሌለሽ ያውቃል፣ አይወድሽም። ሳይክሉ የተሠራው ብቻውን ለሚነዳ ሰው ነው። ውድድሩ ላይም ከፊትሽ ካለው ሰው 12 ሜትር ርቀሽ ነው የምትነጂው።

አሁን ወደ ንፋሱ። ከጥያቄሽ ጋር በላክሽው ፎቶ ላይ እንዳየሁት የፊት ጎማሽ ቸርኬ በጣም ጥልቅ ነው፤ 80 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያማረ ነው፣ አልክድም። ግን ከጎን የሚመጣ ንፋስ እሱን እንደ ግድግዳ ነው የሚያገኘው። የኋላ ጎማ ቢገፋ አይዞርም፣ ሳይክሉ ዝም ብሎ ዘንበል ይላል። የፊቱ ግን መሪው ላይ ነው የተሰካው፤ ሲገፋ መሪሽን ይነጥቅሻል። ሄይንስ ፖይንት ጫፉ ላይ፣ ሁለቱ ውሃ የሚገናኙበት ቦታ ስትታጠፊ ንፋሱ ድንገት አቅጣጫ ይቀይራል። የፈራሽው እዚያ መሆን አለበት። ሃዋይ ኮና ላይ በሚደረገው የአይረንማን ትራያትሎን የዓለም ሻምፒዮና ሙሉ ዲስክ ጎማ (ክፍተት የሌለው ድፍን ጎማ) የተከለከለው በዚሁ በጎን ንፋስ ምክንያት ነው። ስለዚህ የኋላውን ተይው። ለፊቱ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቸርኬ ተዋሺ ወይም ያገለገለ ግዢ። የምታጪው ፍጥነት ትንሽ ነው። ተኝተሽ መንዳት ከቻልሽ ደግሞ በትርፍ ትመልሺዋለሽ።

እዚህ ላይ ነው የፍጥነቱ ጥያቄ የሚመለሰው። ሜዳ ላይ ስትነጂ ዋናው ጠላትሽ አየር ነው፤ ከአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚቀበለው ደግሞ የአንቺ አካል እንጂ ሳይክሉ አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ፣ የሚጠይቅሽ ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። የዚህ ሳይክል ጥቅሙ አንቺን ዝቅና ጠበብ ማድረጉ ነው። ቅዳሜ ግን ከግማሽ በላይ የታችኛውን መሪ ይዘሽ ቀጥ ብለሽ እንደነዳሽ ራስሽ ጽፈሻል። ቀጥ ካልሽበት የከፈልሽበትን ጥቅም አልተጠቀምሽበትም፤ እንዲያውም ከመንገድ ሳይክል ይብሳል።

የዚህን ነገር ልክ ማየት ከፈለግሽ እ.ኤ.አ. የ1989ን ቱር ደ ፍራንስ እዪ። የመጨረሻው ቀን ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር የሰዓት ሙከራ ነበር፤ እያንዳንዱ ለብቻው ነድቶ ሰዓቱ የሚለካበት። አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ከመሪው ከፈረንሳዊው ሎራን ፊኞ በ50 ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እሱ ከትራያትሎን ሰዎች የመጣውን ኤሮባር ገጥሞ ወጣ፤ ሎራን ፊኞ ያለ ኤሮባር፣ ያለ ሄልሜት፣ ፀጉሩን ከኋላ አስሮ ነዳ። ለሞንድ ቱሩን በ8 ሴኮንድ አሸነፈ። ኤሮባሩን ያወጣው ቡን ሌነን የተባለ ሰው የበረዶ ሸርተቴ አሠልጣኝ ነበር፤ ሸርታቾች ቁልቁል ሲወርዱ እጃቸውን ከፊታቸው የሚሰበስቡትን አይቶ ነው የቀዳው። ያኔ ብዙዎች ስቀውበት ነበር።

ወደ ኮርቻው እንምጣ። ወንድሞቼ ይህን አንቀጽ መዝለል ያምራችኋል፤ እናንተንም ይመለከታል፣ አትዝለሉ። በመንገድ ሳይክል ላይ የምትቀመጪው በመቀመጫሽ አጥንት ላይ ነው። እዚህ ግን የኮርቻው ቱቦ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው፤ የመንገዱ 73 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የዚህኛው ከ76 እስከ 80 ይደርሳል። ዳሌሽ ወደ ፊት ይንከባለላል፣ ክብደትሽ በፊት በኩል ለስላሳው ሥጋ ላይ ያርፋል። ተራ ኮርቻ ለዚህ አልተሠራም። መደንዘዙ የመጣው ከዚያ ነው። «ይለመዳል» የሚልሽን ሰው አትስሚ። አንገት ይለመዳል፤ መደንዘዝ ግን አይለመድም፣ አይገባምም። ነርቭና የደም ሥር ነው የሚጫነው።

የሚያስፈልግሽ አፍንጫው ለሁለት የተከፈለ ወይም አጭር የሆነ ኮርቻ ነው። ብዙ ሱቆች የሙከራ ኮርቻ ያውሳሉ፣ ጠይቂ። ስትሞክሪው አፍንጫው ጫፍ ላይ እንጂ መሃሉ ላይ አትቀመጪ፤ ለዚያ ነው የተሠራው። መጀመሪያ ሰፊ መስሎ ጭንሽን ይፈትግሻል፤ ከፍታውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጊና ፊቱን በትንሹ ወደ ታች አዘንብዪው። በጣም ካዘነበልሽው ደግሞ ተንሸራተሽ ክብደትሽ ሁሉ ትከሻሽ ላይ ይወድቃል። እኛ ሴቶች ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ያድነናል ብለን እናስባለን። በዚህ አቀማመጥ ስፖንጁ ወደ ፊት ይሰበሰብና ራሱ ጠላት ይሆናል። ስስ ፓድ ያለው የትራያትሎን ቁምጣ ይሻላል። ለሳይክሉ ከዚህ በኋላ የምታወጪው የመጀመሪያው ገንዘብ ኮርቻ ላይ ይሁን።

ሁለተኛው ፊቲንግ ላይ፤ ባለሙያ ሳይክሉን ለሰውነትሽ ልክ ሲያስተካክልልሽ ማለት ነው። ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ ይቆረቁራል። ግን ውድድሩ ላይ 90 ኪሎ ሜትር ልትተኚ ነው። አንገትሽን ያመመሽ ፓዱ ላንቺ በጣም ዝቅ ስላለ ይመስለኛል፤ ቀና ብለሽ መንገድ ለማየት አንገትሽን ታጥፊዋለሽ። ፓዱ ሥር ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ይገባል፣ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ፎቶዎች አይተሽ ዝቅ ልበል አትበይ። ዝቅ ብሎ በየአምስት ደቂቃው ቀና ከሚል ሰው፣ ከፍ ብሎ ሳይነሳ የሚነዳው ይቀድማል። ክራንኩንም፣ ፔዳሉ የተሰካበትን ክንድ፣ ርዝመቱን እይ። የሻጩ ቁመት ከ1.80 ሜትር በላይ ነበር ካልሽ 172.5 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ክንዱ ውስጥ በኩል ተጽፏል። ላንቺ 165 ወይም ከዚያ ያነሰ ይሻልሻል፤ ጉልበትሽ ሆድሽን ሳይመታ ይዞርልሻል፣ ትንፋሽም ታገኛለሽ።

እነዚህ ከተስተካከሉ በኋላም ፍርድሽን በፍጥነት መለኪያው አትስጪ። አንቺ ሯጭ ነሽ፤ ሳይክሉን በእግርሽ መዝኚው። አንድ ሰዓት ያህል ተኝተሽ ንጂ፣ በውድድሩ ቀን በምትነጂበት አቅም። ውረጂና ወዲያው ጫማ ቀይረሽ 20 ደቂቃ ሩጪ። ሌላ ሳምንት በዚያው መንገድ፣ በዚያው አቅም በድሮው ሳይክልሽ ነድተሽ እንዲሁ ሩጪ። ወገብሽ ቀጥ ይላል ወይስ ተጣጥፎ ይቀራል? የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ እርምጃሽ ምን ይመስላል? ዳሌው ወደ ፊት ሲመጣ የጭንና የሆድ መካከል ይከፈታል፤ ዝቅ ብለሽም ሳትታጠፊ ትነጂያለሽ። ይህ ሳይክል ለሯጭ የሚመችበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። በትክክል ተስተካክሎም በድሮው ሳይክል የተሻለ የምትሮጪ ከሆነ፣ እሺ፣ ሽጪው። እኔም ገዢ አፈላልግልሻለሁ።

ኢግልማን ራሱ ለዚህ ሳይክል የተፈጠረ መንገድ ነው፤ ሜዳ ነው፣ ረግረጉ መሃል ያልፋል፣ መጠለያ የለውም። ዳገት አያስቸግርሽም፣ ንፋስ ግን አለ። ስለዚህ ልምምድሽን ንፋስ በሌለበት ቀን ብቻ አታድርጊው። አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ፤ ከኮርቻው ኋላ የሚሰካው የውሃ ጠርሙስ ጉድጓድ ላይ ይወረወራል። አንዱን ጠርሙስ ኤሮባሩ መካከል እሰሪው፣ ሳትነሺ ትጠጪያለሽ። እኔ በሶ ቀጠን አድርጌ በጥብጬ እዚያ እይዛለሁ፤ የመጠጫ ቱቦ ስለሚደፍን ግን ቱቦ ባለው ጠርሙስ አትሞክሪው።

ለአሁኑ ምንም ሳትነካኪ ሦስት ነገር ለክተሽ እዚህ ጻፊልን፤ ክራንኩ ከሚዞርበት መሃል አክስል እስከ ኮርቻው አናት፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ ፓዱ፣ ከዚያ ኮርቻው ከፓዱ በስንት እንደሚበልጥ። ተኝተሽ ፔዳል ስትመቺ ከጎን የተነሳ ቪዲዮም ጨምሪ። ካሜራው በወገብሽ ልክ ይሁን፣ ከላይ የተነሳ ያሳስታል።