የጁን ዓሣ በማሳቹሴትስ፦ ከሐይቁም ከባሕሩም ጥያቄና መልስ

በማሳቹሴትስ ጁን ሐይቁም ባሕሩም ባንድ ጊዜ ዓሣ የሚሰጡበት ወር ነው። ከቦስተን፣ ከዎርሴስተር፣ ከሊን እና ከሌላም ቦታ ያላችሁ ወገኖች የላካችሁልኝን ጥያቄ በየተራ እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ የሚፈቀደው መጠንና ቁጥር ከዓመት ዓመት ይለወጣል። እዚህ የምጽፈውን ይዛችሁም ቢሆን ከመውጣታችሁ በፊት የስቴቱን የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤፕሪልና ሜይ ላይ ከኩዊንሲጋመንድ ሐይቅ ትራውት እንደ ልባችን እናወጣ ነበር። አሁን ጭራሽ የለም። አልቆ ነው? (ከዎርሴስተር)

መልስ፦ አላለቀም ወንድሜ፣ ወደ ታች ወርዶ ነው። ስቴቱ በየጸደዩ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ትራውት አርብቶ በየሐይቁና በየወንዙ ይለቃል፤ ይህ ሥራ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የምትይዘው ከጸደዩ የተረፈውን ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ሙቀት ነው። ትራውት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ነው። ሙቅ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ስለሆነ ውኃው ከ68 ዲግሪ ፋራናይት ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል። ጁን ላይ ጥልቅ ሐይቅ በሁለት ይከፈላል፤ ከላይ ፀሐይ ያሞቀው ቀላል ውኃ ይተኛል፣ ከሥሩ ቀዝቃዛና ከባድ ውኃ ይቀመጣል። ትራውቱን የምታገኘው በሁለቱ ድንበር አካባቢ ነው። ጀልባ ካለህ ክርህን እዚያ ድረስ አውርድ። ከዳር ቆመህ ከሆነ ግን ዳርቻው በቶሎ የሚጠልቅበትን ቦታ ፈልግና ጎሕ ሲቀድ እዚያ ተገኝ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተስፋው ይመነምናል። ኮንኮርድ ያለው ዋልደን ኩሬ ጥልቀቱ ከ100 ጫማ ስለሚያልፍ ሌላው ሐይቅ ከሞቀ በኋላም ትራውት ያቆያል።

አንድ ልመና አለኝ፦ ውኃው ከ70 ዲግሪ በላይ ከሆነ ትራውትን ተወው። ለቅቄዋለሁ ብትልም ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።

ጥያቄ፦ የ7 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ ዓሣ እናጥምድ እያሉ ያስቸግሩኛል። እኔ ደግሞ መንጠቆ እንኳ ማሰር አልችልም። ከየት ልጀምር? (እናት፣ ከሊን)

መልስ፦ እህቴ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኚም። ባሕሩን ለጊዜው ተዪውና በብሉጊል ጀምሪ። ብሉጊል የእጅ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ የሐይቅ ዓሣ ነው። ጁን ላይ ወንዶቹ ዳር ዳሩን ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ሠርተው እንቁላል ይጠብቃሉ፤ ውኃው ጥርት ካለ ከዳር ቆመሽ ታዪዋቸዋለሽ። ትንሽ መንጠቆ፣ ግማሽ የመሬት ትል፣ ከመንጠቆው ሁለት ጫማ ከፍ ብሎ የታሰረ ተንሳፋፊ ኳስ፤ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ኳሱ ሲሰምጥ ልጁ ራሱ ይጎትት፤ ተሯሩጠሽ አትቀሚው። ቦስተን ውስጥ ጃማይካ ፖንድ፣ ሚልተን ላይ ደግሞ ሀውተንስ ፖንድ ለልጆች ይመቻሉ።

ክሩን የሚያሰምጥ ክብደት የምትገዢ ከሆነ እርሳስ ከተባለው ብረት የተሠራ እንዳይሆን ጠይቂ። ከአንድ አውንስ በታች የሆነ የእርሳስ ክብደት በስቴቱ ሐይቆችና ወንዞች ላይ ከ2012 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ሉን የሚባለው የውኃ ወፍ እየዋጠው ይሞት ስለነበር ነው።

እዚያው ዳር ባስ የሚባለው ትልቅ የሐይቅ ዓሣም ጎጆውን ሲጠብቅ ታገኙ ይሆናል። እሱን አትንኩት። ከጎጆው ባነሳችሁት በደቂቃ ውስጥ ብሉጊሎች ገብተው እንቁላሉን ይጨርሱታል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? አንዱ ያስፈልጋል ይላል፣ ሌላው አያስፈልግም ይላል።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ስላሉ ነው የሚምታታው። ለሐይቅና ለወንዝ ከ15 ዓመት ጀምሮ፣ ለባሕር ከ16 ዓመት ጀምሮ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን አይተካም። የባሕሩ 10 ዶላር ነው፤ 60 ዓመት ለሞላቸው በነፃ ይሰጣል፣ ግን መውሰድ አለባቸው። የሐይቁ ደግሞ 70 ለሞላቸው ነፃ ነው። ሁለቱንም ማስፊሽሀንት ከተባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ታወጣላችሁ። ጁን ላይ ያለ ፈቃድ የሚጠመድባቸው ቀኖችም አሉ፤ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ለሐይቅና ለወንዝ፣ የአባቶች ቀን የሚውልበት ቅዳሜና እሑድ ለባሕር።

ጥያቄ፦ እኔ ያደግሁት ዝዋይ ነው። እዚህ አገር ቆሮሶና አምባዛ የት ይገኛል?

መልስ፦ ቆሮሶ የለም፤ ሐይቁ በረዶ የሚሠራበትን ክረምት አይችልም። በአምባዛ ፈንታ ግን ዘመዱ አለልህ። ቡልሄድ የሚሉት ባለ ጢም ዓሣ ጭቃማ በሆነ ኩሬ ሁሉ ይኖራል፤ ጁን ላይ ከመሸ በኋላ በትል ይያዛል። ትልቁን ከፈለግህ ወደ ኮነቲከት ወንዝ ሂድ፣ በሆልዮክና በኖርዝሃምፕተን በኩል ቻነል ካትፊሽ ታገኛለህ። የክንፎቹን እሾህ ግን እንደ አምባዛው አትናቀው፣ ይወጋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ስትራይፐር ገብቷል ወይ? ጀልባ የለኝም፣ ቦስተን ነው የምኖረው። የት ልቁም፣ በስንት ሰዓት?

መልስ፦ ገብቷል፣ በደንብ ገብቷል። ስትራይፐር የሚባለው ትልቅ የባሕር ዓሣ ክረምቱን ወደ ደቡብ ወርዶ ያሳልፍና በኤፕሪል መጨረሻና በሜይ ወደ እኛ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚመጡት ትናንሾቹ ናቸው፤ ጁን ላይ ትልልቆቹ ይከተላሉ። የሚመቸው ውኃ ከ55 እስከ 68 ዲግሪ ያለው ነው፤ የቦስተን ወደብ በጁን እዚያ ውስጥ ይገባል።

ቦታውን ለመምረጥ የሚበላውን አስብ። ሄሪንግ የተባለው ዓሣ በጸደይ ከባሕር ወደ ሚስቲክ፣ ወደ ቻርልስና ወደ ኔፖንሴት ወንዞች ወጥቶ ይወልድና በዚህ ሰሞን ወደ ባሕር ይመለሳል። ስትራይፐሩ ወንዙ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በወንዝ አፍ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ቁም፤ ጎዳዩ ውኃ ምግቡን ወደ እሱ ይወስድለታል። ሄሪንጉን ራሱን ለመንጠቆ ልጠቀምበት እንዳትል፤ ከ2006 ጀምሮ መያዝ ክልክል ነው። ማኬሬል የሚባለውን የባሕር ዓሣ ቆራርጠህ አድርግ።

ከከተማ ሳትወጣ ሳውዝ ቦስተን ያለው ካስል አይላንድና ዊንትሮፕ ጫፍ ላይ ያለው ዲር አይላንድ ጥሩ ናቸው። ሰዓቱ ከመሸ በኋላ ወይም ሊነጋጋ ሲል ነው። ቀትር ላይ ቆሞ “ዓሣ የለም” የሚለውን ሰው ብዙ አያለሁ። የሙላቱና የጉድለቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ስለሚሄድ ዛሬ የሠራልህ ሰዓት በሳምንቱ አይሠራልህም። የሙላት ሠንጠረዥ ስልክህ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ ሰርክል ሁክ ግዴታ ነው ይላሉ። እኔ ሞከርኩት፣ አንድም አልያዘልኝም።

መልስ፦ ለስትራይፐር በተፈጥሮ ምግብ የምታጠምድ ከሆነ አዎ፣ ግዴታ ነው። ያልያዘልህ ስለምትመነጭቅ ይመስለኛል። ይህ መንጠቆ ጫፉ ወደ ውስጥ የተጠመዘዘ ስለሆነ ከመነጨቅኸው ከአፉ ባዶውን ይወጣል። ዓሣው ወስዶ ሲሄድ ዝም በል፣ ክሩ ይወጠር፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ጠቅልል። ዞሮ የአፉን ጥግ ይይዛል፤ ወደ ሆድ አይገባም። ጥቅሙም ይኸው ነው፣ ስትለቀው በሕይወት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ባለፈው 36 ኢንች ስትራይፐር ይዤ ልቀቅ ተባልኩ። ትልቁን ልቀቅ የሚል ሕግ የት አገር አለ? ለቤተሰብ የሚበቃ ዓሣ ነበር እኮ!

መልስ፦ ቅር ማለትህ ይገባኛል፤ ግን ሕጉ ልክ ነው፣ ምክንያቱንም ልንገርህ። የሚፈቀደው በቀን አንድ፣ ርዝመቱም ከ28 ኢንች ያላነሰ፣ 31 ያልሞላ ነው። በ1980ዎቹ ስትራይፐር ሊጠፋ ደርሶ ሜሪላንድ ከ1985 እስከ 1990 ማጥመዱን እስከ መዝጋት ደርሳ ነበር። ያኔ ዳነ። አሁን ደግሞ እንደገና ቁጥሩ ወርዷል። እዚህ ከምንይዘው አብዛኛው የሚወለደው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ እዚያ ከ2019 ወዲህ በየዓመቱ የሚቆጠረው ጫጩት ዓሣ እጅግ አነስተኛ ሆኗል። በ2015 የተወለደው ብዙ ነበር፤ የ31 ኢንቹ ገደብ በ2023 የወጣው እሱን ለማትረፍ ነው። ያ የያዝከው 36 ኢንች ሴት ከነበረች በአንድ ጸደይ የምትጥለው እንቁላል ሚሊዮን ሊደርስ ይችላል።

መልቀቅ ስል ግን ወርውሮ መሄድ ማለቴ አይደለም። ተመራማሪዎች ከሚለቀቁት 100 ስትራይፐሮች 9 ያህሉ ይሞታሉ ብለው ይቆጥራሉ፤ ያ ቁጥር በእኛ እጅ ከፍም ዝቅም ይላል። እጅህን አርጥብ፣ አሸዋ ላይ አታንከባልለው፣ በስንጥቡ አታንጠልጥለው። ፎቶ ካስፈለገህ ካሜራው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ከዚያ ውኃ ውስጥ ከንፈሩን ይዘህ አቆየው፣ በራሱ ጉልበት ሲሄድ ልቀቀው።

ጥያቄ፦ ኬፕ ኮድ ካናል በጨረቃ ነው የሚሠራው ሲሉ ሰማሁ። እምነት ነው ወይስ እውነት?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ደግሞም ደስ የሚል እውነት ነው። ቦዩ በ1914 የተከፈተ ሲሆን ሁለት ባሕር ያገናኛል። በምሥራቅ ያለው የኬፕ ኮድ ባሕረ ሰላጤ በሙላትና በጉድለት መካከል 9 ጫማ ያህል ይለያያል፤ በምዕራብ ያለው በዛርድስ ቤይ ግን 4 ጫማ ያህል ብቻ ነው፣ ሰዓታቸውም አይገጥምም። ስለዚህ አንዱ ወገን ከፍ ሲል ውኃው ወደ ሌላው ይንደረደራል፤ በየ6 ሰዓቱ ገደማ አቅጣጫውን ይለውጣል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ይሰፋል፣ ፍሰቱ ይበረታል፤ ትናንሽ ዓሦች መዋኘት አቅቷቸው ይገፋሉ፣ ስትራይፐሩ ይሰበሰባል። ፍሰቱ የሚዞርበት ሰዓት ከንጋት ጋር ከገጠመ ያን ቀን አትተኛ።

ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ውኃው በሰዓት 5 ማይል ገደማ ይሄዳል፣ ቋጥኙ አልጌ ለብሶ ያንሸራትታል፣ መርከብ ሲያልፍ ውኃው ቋጥኙ ላይ ይወጣል። ባለ ብረት ጥርስ ጫማ ከሌለህ ከአስፋልቱ አትውረድ። ብቻህንም አትሂድ።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው ሐዋሳ እንደምንበላው ሙሉውን ተተልትሎ የሚጠበስ ዓሣ ነው። ምን ልያዝ?

መልስ፦ ስካፕ! መጠኑ፣ ቅርጹ፣ ነጭ ሥጋው ሁሉ ለዚያ ይመቻል። ሜይ ላይ ወደ በዛርድስ ቤይ ይገባል፤ ጁን ላይ ከዳር ሆኖ እንኳ ብዙ ይያዛል። ክብደቱን ከታች፣ ሁለት ትንንሽ መንጠቆ ከሱ ከፍ አድርገህ እሰር፤ ምግቡ ጠባብ ተደርጎ የተቆረጠ ስኩዊድ ወይም የባሕር ትል ይሁን። ቋጥኝ ባለበት ቦታ ታች ድረስ አውርደው። ከዳር ለሚያጠምድ ዝቅተኛው መጠን 9 ተኩል ኢንች ነው። በረዶ ይዘህ ሂድ፤ ቅርፊቱን አራግፈህ፣ ጎኑን ተልትለህ፣ ጨውና ሚጥሚጣ አድርገህ በጋለ ዘይት ጥበሰው። የተረፈውን በማግስቱ ዱለት ማድረግ ይቻላል።

ኒው ቤድፎርድ ወደብ ውስጥ ግን ለመብላት እንዳታጠምድ። ፒሲቢ የተባለ የፋብሪካ መርዝ በደለሉ ውስጥ ስላለ ከማዕበል መከላከያው ግንብ ወደ ውስጥ የሚያዝ ምንም ዓሣ አይበላም፤ ከግንቡ ውጭ ባለው ቅርብ ውኃም እንደ ስካፕ ያለ ከታች የሚመገብ ዓሣ አይበላም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ከሐይቁ የያዝኩትን ብትበላ ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ አለው፣ አታብላት። የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከማሳቹሴትስ ሐይቅና ወንዝ የተያዘ ዓሣ እንዳይበሉ ይመክራል፤ ምክንያቱ ሜርኩሪ ነው። ከዚህ ውጭ የሆነው ከመራቢያ ወጥቶ የተለቀቀ ትራውት ነው። ከባሕሩም ብሉፊሽን ለነዚሁ ሰዎች ይከለክላል። ሜርኩሪው ሥጋው ውስጥ ስለሆነ በማጠብም በመጥበስም አይወጣም። ስካፕ አምጣላት።

ጥያቄ፦ ኬፕ ኮድ ሻርክ አለ ይላሉ፣ ልጆቹ ፈርተዋል።

መልስ፦ አለ። ነጭ ሻርክ ከጁን ጀምሮ አቆስጣ (ሲል የሚሉትን የባሕር እንስሳ) ፍለጋ ይመጣል፤ የሚበዛው ግን ከኦገስት ጀምሮ ነው። በ2018 ዌልፍሊት ላይ ሰው ገድሏል። በውቅያኖሱ በኩል ባሉት ዳርቻዎች አሸዋው ላይ ቆማችሁ አጥምዱ፣ ወገብ ድረስ አትግቡ፤ አቆስጣ ካያችሁ ውኃውን ልቀቁ። እኔ በዚህ ወር ይበልጥ የምሰጋው መዥገሯን ነው። ላይም በሽታ የምታስተላልፈው ጫጩት መዥገር በዚህ ሰሞን ነው የምትበዛው፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይግባ፣ ማታ ልጆቹን ከጉልበት ጀርባ፣ ከብብትና ከጆሮ ኋላ ፈትሿቸው።

ጥያቄ፦ የሐዋርያት ጾም ነው፤ አጥምጄ ምን ላድርገው?

መልስ፦ የሚበላውንና የማይበላውን የንስሐ አባትህ ይንገሩህ። ማጥመዱን ከወደድከው ስትራይፐርን ይዘህ ልቀቅ፤ ስካፑ እስከ መኸር እዚሁ ነው፣ ጾሙ ሲፈታ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ክላም የሚሉትን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ መልቀምስ?

መልስ፦ የባሕሩ ፈቃድ ለዚህ አይሆንም። ዳርቻው ካለበት ከተማ ጽሕፈት ቤት ሌላ ፈቃድ ይወጣል፤ ያ ቦታ ክፍት መሆኑንም እዚያው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ 64 ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ ቋጥኝ አይወጣም። ከልጅ ልጄ ጋር ቅዳሜ አንድ ቦታ ብቻ ብመርጥ የት ይሻላል?

መልስ፦ እርስዎ ካስል አይላንድ ይሂዱ አባቴ። መንገዱ ደልዳላ ነው፣ መቀመጫ አለ፣ መኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው። ለእርስዎ ነፃውን የባሕር ፈቃድ አስቀድመው ያውጡ። ባሕሩ ሊሞላ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይድረሱና እስኪሞላ ያጥምዱ። ለልጁ ባለ ብዙ መንጠቆ የማኬሬል ማጥመጃ ያስሩለት፤ ማኬሬል በዚህ ወር በመንጋ ይገባል፣ ሲመጣም ሁለትና ሦስት ባንዴ ይይዛል። ለእርስዎ ከያዙት ማኬሬል አንዱን ቆርጠው በሰርክል ሁክ ይጣሉት። ዘንጉን ከአጥሩ ጋር በገመድ ይሰሩት፣ ስትራይፐር ከነካው ይዞት ይሄዳል። ሹራብም ያዙ፤ ጁን ላይ እንኳ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል።