«ናማዙ» ርዕደ መሬት ነው ወይስ አምባዛ?

ጥያቄ፦ የጃፓን ተረት ለልጆች ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ናማዙ ተነሣና ከተማው ፈረሰ» የሚል አለበት። ናማዙ የመሬት መንቀጥቀጥ ማለት ነው ብለውኛል። «ርዕደ መሬት» ብዬ ልጻፈው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይጻፉት። ናማዙ በጃፓንኛ የዓሣ ስም ነው፤ ያውም ጣና ዳር ላደገ ልጅ እንግዳ ያልሆነ ዓሣ፣ አምባዛ። ቅርፊት የለውም፣ ጢም አለው፣ ጭቃማውን ወለል ይወዳል። በጃፓን አፈ ታሪክ ከምድር ሥር የተኛ ግዙፍ አምባዛ አለ፤ ታኬሚካዙቺ የተባለው የካሺማ መቅደስ አምላክ «ካናሜ ኢሺ» በሚሉት ድንጋይ ተጭኖ ይይዘዋል። አምላኩ ሲዘናጋ ዓሣው ይወራጫል፣ ምድርም ትናወጣለች። ከአምባዛው በፊት ይህ ሥራ የዘንዶ ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በርዕደ መሬት ስትመታ በእንጨት ማተሚያ የተሠሩ የአምባዛ ሥዕሎች ገበያውን ሞሉት። አንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይማ አናጢዎችና ለሳኞች ሥራ ስላገኙ ዓሣውን ሲያመሰግኑት ይታያሉ!

የአደጋው ስም «ጂሺን» ነው፦ «ጂ» ምድር፣ «ሺን» መናወጥ። ስለዚህ «አምባዛው ተወራጨና ከተማው ፈረሰ» ይበሉ። ናማዙን እንደ መጠሪያ ስም ማቆየት ከፈለጉ መጀመሪያ ላይ «ናማዙ የሚባል ግዙፍ አምባዛ ነበር» ብለው ያስተዋውቁት፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻውን ይበቃዋል። «ርዕደ መሬት» ካሉት ግን አድራጊው ከድርጊቱ ይምታታል፤ አምላኩም በድንጋዩ የሚጫነው ፍጡር ያጣል።

ተረቱ ውስጥ «ጂሺን» ሲመጣ ለልጅ ጆሮ «የመሬት መንቀጥቀጥ» ይሻላል። «ርዕደ መሬት» የዜናና የመጽሐፍ ቃል ነው። ከተጠቀሙበት በዐይኑ «ዕ» ይጻፉት፤ «ርእደ» ስሕተት ነው። ሥሩ የግዕዙ ረዐደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ነው። በአማርኛ ዐይኑ ወድቆ ራደ ሆኗል፤ ሠዐለ ሳለ እንደሆነው ማለት ነው። «እጁ እየራደ ፈረመ» ስንል ያው ቃል ነው። በዚሁ ምክንያት በየጊዜው የሚሰማው «የርዕደ መሬት መንቀጥቀጥ» አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ማለት ነው፤ አንዱን ይምረጡ። የግዕዝ ወንጌል «ድልቅልቅ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ ለልጆች መጽሐፍ ግን ይከብዳል።