የግቤን ዓሣ ለማብዛት ውሃውን መዝጋት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ ከጅማ ዞን፣ ኦሞ ናዳ ነው የምጽፈው። ከእርሻዬ ጎን ለጎን በግልገል ግቤ ግድብ ሐይቅ ዓሣ አሰግራለሁ። ቆሮሶው ከዓመት ዓመት እያነሰ ነው። በጋ ላይ ደግሞ ውሃው ይሸሻል። በደሴት አገሮች ሕዝቡ ራሱ ውሃውን ለጊዜው እየዘጋ ዓሣ ያበዛል ሲባል ሰማሁ። ማኅበራችን ቢሞክረው ያዋጣናል?

መልስ፦ ያዋጣችኋል። ግን እነሱ ያደረጉትን እንዳለ አትገልብጡት።

የሰሙት እውነት ነው። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የአንዳቫዶአካ መንደር ሰዎች በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በአንዲት ትንሽ ደሴት ዙሪያ ኦክቶፐስ (ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ) ማጥመድን ለ7 ወር ከለከሉ። ኦክቶፐስ እድገቱ ፈጣን ነው፤ ሲከፈት ከበድ ከበድ ያለ ተገኘ። ሌሎች መንደሮችም ተከተሏቸው።

ኦክቶፐስ ግን ከድንጋዩ ሥር ብዙም አይርቅም። የእናንተ አምባዛ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ማዶ ነው። ሐይቃችሁም ዳሩ አይረጋም፤ ዝናብ ሲጠፋና ውሃው ለመብራት ሲለቀቅ ይሸሻል። በጥቅምት ችካል የተከላችሁበት ቦታ በመጋቢት ከብት ይግጥበታል። ስለዚህ ወሰኑ ከውሃው ጋር ይንቀሳቀስ፤ ከቦታው ይልቅ ወቅቱን ዝጉ።

ቆሮሶ በሌላ ጊዜም ይራባል፣ ዝናብ ሲገባ ግን ይበረታል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። አምባዛም ያን ጊዜ ውሃ ወደዋጠው ሣር ይወጣል። ሰኔና ሐምሌ ዳር ዳሩን ተዉት። የእርሻ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ጉዳቱ ይቀላል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ትከፍታላችሁ፤ የጾም ገበያውም ያግዛችኋል። ዝናቡ ከዘገየ ግን መዝጊያውም አብሮ ይዘግይ፤ ቀን ቆጥሮ የሚዘጋ ደንብ በዚህ ዘመን አይሠራም።

መሬት የሌላቸው ወጣቶች በእነዚያ ወራት ምን ይበላሉ? ይህን ሳትመልሱ ደንብ ካወጣችሁ መረብ በሌሊት መጣሉ አይቀርም። ጥልቁ ላይ በመንጠቆ እንዲያሰግሩ ብትፈቅዱ አንድ መላ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከመዝጋቱ በላይ የሚያሳስበኝ መረቡ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልወለደውን ያወጣል። በመራቢያው ወቅት ያወጣችሁትን የሴት ቆሮሶ ሆድ ክፈቱ፤ እንቁላል ያልጀመረችው ከበዛች መረባችሁ ጠቧል። ዳር ላይ የሚጎተተው መረብ ደግሞ ጎጆውንም ጫጩቱንም ጠራርጎ ይሄዳል። እሱን ዓመቱን ሙሉ ከልክሉ።

የማዶዎቹ ካልተስማሙ ግን ድካማችሁ ከንቱ ነው፤ እናንተ ያሳደጋችሁትን ዓሣ ጢሮ አፈታ ወረዳ ላይ ያወጡታል። በወረዳዎቹ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በኩል አንድ ላይ ተቀመጡ። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ግን ሌሊት ሐይቁን የሚጠብቀው ጎረቤት ነው። ቅጣቱን በሽማግሌ ፊት ተስማሙበት። ለመክፈቻው ቀንም ገደብ አብጁ፤ በማዳጋስካር በዚያ ቀን ሰው ይጎርፋል።