መልስ፦ የአባቴ ስኳር ከምግብ በኋላ ለምን ይለያያል?
አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፣ ስኳራቸው ከበሉ በኋላ አንዳንዴ ቶሎ አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ ከሆድ ጋር ይገናኛል ወይ ላልሽው አዎ በደንብ ይገናኛል። ጨጓራ ምግቡን ወደ አንጀት የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው፣ በደቂቃ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ካሎሪ (የምግብ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ፣ ቶሎ ከለቀቀው ስኳሩ ባንዴ ይወጣል፣ እድሜ ሲገፋ ደግሞ ስኳሩን የሚያወርደው የሰውነት ኢንሱሊንም እንደ ድሮው ቶሎ አይደርስለትም። ታድያ ቀስ ማለቱ ሁሌ ጥሩ እንዳይመስልሽ! ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ምግቡ ገና ጨጓራ ውስጥ ቁጭ ብሎ መድሃኒቱ ቀድሞ ይሰራና ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፣ እኔን እንደውም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ቶሎ የመጥገብ ወይ የማቅለሽለሽ ነገር ካለባቸው ጨጓራቸው ዘግይቶ ሊሆን ስለሚችል ለሀኪማቸው ንገሪ። ፕሮቲኑንና አትክልቱን አስቀድመው ካርቦሃይድሬቱን (እንጀራ፣ ዳቦ የመሳሰለውን) መጨረሻ ላይ ቢበሉ የስኳሩን ከፍታ ይቀንሰዋል፣ ጁስ ግን ስኳር ሲወርድባቸው ካልሆነ በቀር ይቅርባቸው፣ ፈሳሽ ስለሆነ ሾልኮ ነው የሚያልፈው