አልጫን ያለ ኮምፒውተር፦ ጥያቄና መልስ

በእጃቸው ኮምፒውተር ገጣጥመው ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ላይ የቆሙ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አቀርባለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ልመና አለኝ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይሮ ማሽኑ የተነሳለት ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ ዳግም ሲቆምበት ከሀሁ ይጀምራል። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ይኑር። የስህተት መልእክቱን ከነቁጥሩ ቃል በቃል መዝግቡት። «የሆነ ነገር ጽፎ ጠፋ» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት በድቅድቅ ጨለማ መርፌ እንደመፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ገጣጥሜ ስጨርስ ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ መብራቱም ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የመጫኛው ፍላሽ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፍላሹን ለጊዜው ይርሱት። የማዘርቦርዱ አርማ እንኳን ካልታየ ገና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋ አልደረስንም። መጀመሪያ የስክሪኑ ገመድ የት እንደተሰካ ይመልከቱ። ግራፊክስ ካርድ ካለዎት ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በውስጣቸው የግራፊክስ ክፍል ስለሌላቸው ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ምንም ምስል አይወጣም። ቀጥሎ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ በማዘርቦርዱ የላይኛው ጥግ ያለውን ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይፈትሹ። ትልቁ ባለ 24 ፒን ብቻውን ሲሰካ ማራገቢያ ይዞራል፣ መብራት ይበራል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ኃይል አላገኘም።

ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ዲዲአር 5 የተባለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ማዘርቦርዱ በመጀመሪያው መነሳት ራሙን ሲለካና ሲያስተካክል ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ መሃል ተደናግጦ ኃይሉን ያጠፋል፤ ማሽኑም ልኬቱን እንደ አዲስ ይጀምራል። ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት።

ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ አራት ትናንሽ መብራቶች አሉ፤ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ እና ለቡት፣ ማለትም ለማስነሻው። ሳይጠፋ የቀረው መብራት ችግሩ ያለበትን ቦታ ይጠቁማል። የቡት መብራት ብቻ በርቶ ከቀረ ደስ ይበልዎት። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የሚነሳበት ዲስክ ብቻ አጥቷል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ስጭን ዲስኩን እመርጥና «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም፤ ዲስኩ በጂፒቲ የተከፋፈለ ነው» ይለኛል። አዲስ ዲስክ ነው። ልመልሰው?

መልስ፦ አይመልሱት፤ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ኮምፒውተር የሚነሳባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አሮጌው ባዮስ ኤምቢአር ከተባለው የዲስክ አከፋፈል ጋር ይሄዳል፤ አዲሱ ዩኢኤፍአይ ከጂፒቲ ጋር። መልእክቱ የሚነግርዎት ፍላሹ በአሮጌው መንገድ መነሳቱን ነው።

ዲስኩን ወደ ኤምቢአር እንዲለውጡ የሚመክርዎት ሰው አይጠፋም። አይስሙት። ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አያይም፤ ዋና ክፍልፋዮችም ከአራት አይበልጡለትም። መለወጥ ያለበት ፍላሹ የሚነሳበት መንገድ ነው። የቡት ምርጫውን ሲከፍቱ ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተዘርዝሮ ያገኙታል፤ አንዱ ከስሙ በፊት ዩኢኤፍአይ የሚል አለው፣ ሌላው የለውም። ዩኢኤፍአይ የሚለውን ይምረጡ።

ባዮስ ውስጥ (በልማድ የዩኢኤፍአይ ማሽንንም የቅንብር ገጽ ባዮስ እንለዋለን) ሲኤስኤም የተባለውን፣ አሮጌውን መንገድ የሚፈቅደውን ምርጫ ማጥፋትም ያው ውጤት አለው። ነገር ግን ግራፊክስ ካርዱ በጣም ያረጀና ዩኢኤፍአይ የማያውቅ ከሆነ ስክሪኑ ይጨልምብዎታል። እንዲህ ከሆነ ኃይሉን ከግድግዳ ነቅለው ሳንቲም የምትመስለዋን የማዘርቦርድ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ያውጡ፤ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የእኔ ተቃራኒው ነው፤ ዲስኩ ኤምቢአር ስለሆነ አይቻልም ይላል። ዲስኩ ላይ የቤተሰብ ፎቶዎች አሉ።

መልስ፦ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ይገልብጡ። ይህን ሳያደርጉ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እንዳያነቡ እለምንዎታለሁ። ከዚያ በመጫኛው ዝርዝር ላይ የዲስኩን ክፍልፋዮች በሙሉ ሰርዘው ባዶውን ቦታ ይምረጡና ይቀጥሉ፤ ዊንዶውስ ራሱ በጂፒቲ ይከፋፍለዋል።

ጥያቄ፦ የመጫኛ ፕሮግራሙ ኤስኤስዲውን ጨርሶ አያሳየኝም። ዝርዝሩ ባዶ ነው።

መልስ፦ ለመሆኑ ባዮሱ ያየዋል? መንገዱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ባዮሱም ካላየው ጉዳዩ የአካል ነው። የኤምዶት 2 ቅርጽ ያላቸው ዲስኮች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ሳታ በተባለው የቆየ የመገናኛ ዘዴ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ኤንቪኤምኢ በተባለው አዲስ ዘዴ። ማስገቢያው ለኤንቪኤምኢ ብቻ ከተሠራ የሳታው ዓይነት በትክክል ይገባል፣ በብሎንም ይታሰራል፣ ነገር ግን አይሠራም። ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ያንብቡ። አንዳንድ ማስገቢያ ሲያዝ የተወሰኑ የሳታ መሰኪያዎች ሥራ የሚያቆሙበት ሁኔታም እዚያው ተጽፏል።

ባዮሱ አይቶት ዊንዶውስ ካላየው፣ ፕሮሰሰሩም 11ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ኢንቴል ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቪኤምዲ የተባለውን ቅንብር ነው። ይህ ቅንብር ሲበራ ዲስኩ በኢንቴል የማከማቻ ተቆጣጣሪ ጀርባ ይደበቃል፤ የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቆጣጣሪው ድራይቨር (ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) የለውም። ሁለት መፍትሔ አለ። አንዱ ድራይቨሩን ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ አውርዶ፣ ዚፑን ፈትቶ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥና «ድራይቨር ጫን» በሚለው ምርጫ መጥቀስ ነው። ሁለተኛው ቪኤምዲውን ባዮስ ውስጥ ማጥፋት ነው። ዲስኮችን በሬይድ ለማጣመር ካላሰቡ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግን ከመጫን በፊት ይወስኑ። ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ቅንብሩን መገልበጥ ማሽኑ በሰማያዊ ስክሪን እንዲቆም ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ፋይሎቹን መገልበጥ ይጀምርና መሃል ላይ ይቆማል። «አስፈላጊ ፋይሎችን መጫን አልተቻለም፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ ቁጥሩ በ8007025ዲ ያልቃል። ፍላሹን ሦስት ጊዜ ሠርቼዋለሁ።

መልስ፦ የሚቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ በየጊዜው ይለያያል? የተበላሸው ፋይሉ ወይም ፍላሹ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ቦታው ከተለያየ ጥርጣሬዬ ወደ ራም ይዞራል። መጫኛው አንድ ትልቅ የታመቀ ፋይል እየፈታ ወደ ዲስክ ይጽፋል፤ የሚፈታው ሁሉ በራም በኩል ያልፋል። ራሙ አንዲት ቢት እንኳን ቢያዛባ የተፈታው ከዋናው ጋር አይመሳከርም፤ መልእክቱም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ፋይሉ ግን ጥፋት የለበትም።

እኔ ራሴ በዚህ ሦስት ሌሊት አጥቻለሁ። ለእህቴ ልጅ በገጣጠምኩት ማሽን ላይ መጫኑ አንዴ 17 በመቶ፣ አንዴ 63፣ አንዴ ደግሞ 84 ላይ ይቆም ነበር። ፍላሽ ቀየርኩ፣ ፋይሉን እንደገና አወረድኩ፣ አዲሱን ዲስክ ሳይቀር ጠረጠርኩ። በአራተኛው ቀን ሳጥኑን በጎኑ አጋድሜ በስልኬ መብራት ራሞቹን ስመለከት አንደኛው ከጎረቤቱ በጥፍር ውፍረት ያህል ከፍ ብሏል። የዚያ ማዘርቦርድ የራም መቆለፊያ በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። በዚያ በኩል በደንብ ተቆልፏል፤ በግራፊክስ ካርዱ በኩል ያለው ጫፍ ግን እስከ መጨረሻው አልገባም፤ ወርቃማው የመገናኛ መስመር በቀጭኑ ብልጭ ይላል። ነቅዬ መልሼ አስገባሁትና በአውራ ጣቴ ጫን ስለው «ቀጭ» አለ። ዊንዶውስ በዚያው ማታ ያለ አንዳች ችግር ገባ።

ስለዚህ እርስዎ ኃይሉን ነቅለው ራሞቹን እንደገና ይሰኩ፤ ሁለቱንም ጫፎች በዓይንዎ ያረጋግጡ። ራሙ በትክክል ገብቶም ስህተቱ ካልቀረ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የተባለውን የፍጥነት ቅንብር ያጥፉ። ራሙ 3600 ተብሎ ቢሸጥም ያለዚህ ቅንብር በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል፤ ለመጫን ግን ከበቂ በላይ ነው። ያም ካልረዳ አንድ ራም ብቻ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ማስገቢያ ላይ አስገብተው ይሞክሩ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ሜምቴስት 86 የተባለውን መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ ያሠሩት። እዚህ ላይ «ትንሽ ስህተት» የሚባል ነገር የለም። አንድ ስህተት ካሳየ ያ ራም ወይም ያ ፍጥነት አይታመንም፤ ዛሬ መጫኑ ቢሳካ እንኳን ነገ ሰነድዎን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ መጫኑ ያልቃል፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋና ይነሳል፣ ከዚያ ቋንቋ ምረጥ ወደሚለው የመጀመሪያ ገጽ ይመለሳል። አምስት ጊዜ ጫንኩ።

መልስ፦ አምስቱም ጊዜ ተሳክቶልዎታል። ማሽኑ ከዲስኩ ይልቅ ፍላሹን እያስቀደመ ነው። ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሳ ፍላሹን ይንቀሉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዊንዶውስ 11 «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ይለኛል። ማሽኑ ግን አዲስ ነው። ቲፒኤም የሚባል ዕቃ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ ልጄ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደህንነት ክፍል)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ማስነሻን የሚከለክል ጥበቃ) የሚችል ዩኢኤፍአይ፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ቲፒኤሙን በውስጣቸው ይዘውታል፤ ባዮሱ ውስጥ ተዘግቶ ነው። በኤኤምዲ በኩል ኤፍቲፒኤም፣ በኢንቴል በኩል ፒቲቲ ይባላል። አብራው፣ ሲኤስኤም መጥፋቱን አረጋግጥ፣ ከዚያ እንደገና ሞክር።

ፍተሻውን የሚያልፉ ዘዴዎች እንዳሉ ሰምተህ ይሆናል። ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ላላሟላ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም፤ አንተ ደግሞ የሚያሟላ ማሽን በእጅህ አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ልቆይ እንዳትል መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። አንድ ነገር ጨምሬ ላስጠንቅቅህ። ዲስክህ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የማመስጠሪያ ዘዴ፣ ከተመሰጠረ በኋላ የቲፒኤም ቅንብር ብትነካካ ባለ 48 አሃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቅሃል። ቁልፉን አሁኑኑ ወረቀት ላይ ጻፈው፤ ከጠፋብህ ማንም ሊከፍትልህ አይችልም።

ጥያቄ፦ መጫኑ አልቆ ኢንተርኔት አገናኝ ይላል። ዋይፋዩም ገመዱም አይታዩም። ያለ ኢንተርኔት ደግሞ አያሳልፈኝም።

መልስ፦ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር የለም ማለት ነው፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኔትወርክ ያስፈልጋል። አንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና የስልኩን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ማጋራትን ያብሩ። ዊንዶውስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ልጭን ስል ከመጀመሪያው ዝርዝር በኋላ ስክሪኑ ይጨልማል። ግራፊክስ ካርዴ ኢንቪዲያ ነው።

መልስ፦ በነፃው የኢንቪዲያ ድራይቨርና በአዲስ ካርድ መካከል የሚፈጠር አለመግባባት ነው። ዝርዝሩ ላይ ሳሉ የእንግሊዝኛውን ኢ ፊደል ይጫኑ። ሊኑክስ (linux) በሚል ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ትተው «ኖሞድሴት» (nomodeset) ብለው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት፣ ሳይነጣጠል ይጻፉና ኤፍ 10 ይጫኑ። ምስሉ ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፤ ለመጫን ግን ይበቃል። ከተጫነ በኋላ የኢንቪዲያን ድራይቨር ያስገቡ። ሴኪዩር ቡት ከበራ የይለፍ ቃል እንዲያወጡ ይጠየቃሉ፤ በቀጣዩ መነሳት ላይ ሰማያዊ ገጽ መጥቶ ያንን ቃል ይጠይቃል። ብዙዎች ያንን ገጽ እንደ ስህተት ቆጥረው ያልፉትና ድራይቨሩ ሳይሠራ ይቀራል። ቁልፉን ማስመዝገብ (Enroll MOK) የሚለውን እዚያው ይምረጡ።

ጥያቄ፦ በዚሁ ማሽን ላይ ማክ ኦኤስ ይጫናል?

መልስ፦ በኢንቴል ማሽኖች ላይ ኦፕን ኮር በተባለ ማስነሻ የሚያስነሱት ሰዎች አሉ፤ የአፕል የፈቃድ ውል ግን ከአፕል ውጭ በተሠራ ኮምፒውተር ላይ መጫንን አይፈቅድም። ከዚያም በላይ አፕል በ2025 ታሆ የተባለው እትም የኢንቴል ማኮችን የሚደግፍ የመጨረሻው መሆኑን አስታውቋል። አዲስ ኮምፒውተር ለዚህ ብለው አይገጣጥሙ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዲስክ አለኝ። ዊንዶውስን በፈጣኑ ላይ ጫንኩ፤ አሮጌውን ዲስክ ሳወጣ ግን ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ።

መልስ፦ ዊንዶውስ የማስነሻ ፋይሎቹን አሮጌው ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው። አሮጌው ላይ ከበፊት የነበረ የማስነሻ ክፍልፋይ ሲያገኝ እርስዎን ሳይጠይቅ ያንኑ ይጠቀማል። መጠገን ይቻላል፤ ገና ምንም ካላስቀመጡበት ግን እንደገና መጫን ይቀላል። ኃይሉን አጥፍተው ከሚጫንበት ዲስክ በቀር ሌሎቹን በሙሉ ይንቀሉ፤ ይጫኑ፤ ዴስክቶፑ እስኪከፈት ይጠብቁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው አሮጌውን ይመልሱት።