ክሪሚኖሎጂና ሳይበር ሴኩሪቲ ሁለት ዛፍ አይደሉም

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክሪሚኖሎጂን (የወንጀል ጥናትን) እና ሳይበር ሴኩሪቲን (የኮምፒውተርና የኔትወርክ ደህንነትን) አጣምሮ የሚያስተምር የመጀመሪያ ዲግሪ አግኝተሻል፣ ልብሽም እዚያው ነው። አባትሽ ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ካልሆነ አልከፍልም» ብለውሻል። ሒሳብ እንደሚከብድሽና ሁለተኛ ዲግሪ ግድ ይሆናል ብለሽ እንደምትሰጊም ጽፈሻል።

ተረቱ ጥሩ ተረት ነው። እዚህ ግን ቦታው አይደለም። ሲልክ ሮድ የሚባለውን ድብቅ የአደንዛዥ ዕፅ ገበያ እንይ። ገጹ የተጠቃሚን ማንነትና ቦታ በሚደብቀው በቶር ኔትወርክ ተሸፍኖ ነበር፣ ክፍያው በቢትኮይን ነበር። ባለቤቱን ሮስ ኡልብሪክትን ለመለየት ከረዱት ነገሮች አንዱ ግን አንድ የግብር መርማሪ ጎግል ላይ ቁጭ ብሎ ስለዚህ ገበያ መጀመሪያ ያወራው ማነው ብሎ መፈለጉ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2011 ገበያውን ባስተዋወቀበት የብዕር ስም ሌላ ጊዜ የራሱን ጂሜይል አድራሻ ጽፎ ተገኘ። ገበያ የከፈተ ሰው መጀመሪያ ራሱ ወጥቶ እንደሚያስተዋውቀው መገመት የሰውን ጠባይ ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲይዙት ደግሞ ትኩረቱን አስቀይረው ላፕቶፑን ሳይዘጋው ነጠቁት፣ ምክንያቱም አንዴ ከተዘጋ ዲስኩ ሊቆለፍባቸው ይችል ነበር። ይሄኛው የኮምፒውተር እውቀት ነው። ታዲያ የትኛው ብቻውን ይበቃ ነበር?

በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት የማልችለው እኔም አባትሽ በሚሉት መንገድ ስለሄድኩ ነው። የተማርኩት ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንድ ሠራተኛን ማጭበርበር እንዳጣራ ታዘዝኩ። የሰውየውን ኮምፒውተር አበራሁና ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። የዲስኩን ኮፒ አላነሳሁም፣ ኮፒው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን የሚያሳየውን ሀሽ አልወሰድኩም፣ ማን መቼ እንደነካው አልመዘገብኩም። ከፍቼ ሳይ የፋይሎቹ ቀን ተቀየረ። ገንዘቡ የት እንደሄደ አገኘሁት፣ ማስረጃው ግን ውድቅ ሆነ። አንድ ሴሚስተር የማስረጃ ሕግ ብማር ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ አንቺን ልጠይቅሽ። የኮርስ ዝርዝሩን አይተሻል? በዚህ ስም የሚሰጡ ፕሮግራሞች ሁሉ እኩል አይደሉም። ፕሮግራሚንግ፣ ኔትወርክ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝና በላብራቶሪ የሚሠራ ዲጂታል ፎረንሲክ (ከኮምፒውተርና ከስልክ ማስረጃ የማውጣት ሥራ) ከሌሉበት፣ ወይም የቴክኒኩ ክፍል ሁለት ሦስት የመግቢያ ኮርስ ብቻ ከሆነ፣ አትመዝገቢ። እንደዚያ ከሆነ አባትሽ ልክ ናቸው። ወንጀልን በንድፈ ሐሳብ ብቻ አውቀሽ የሎግ ፋይል፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተደረገበትን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ማንበብ ካቃተሽ የደህንነት ክትትል ክፍል ውስጥ የሚቀጥርሽ አይኖርም። ቴክኒኩ ጠንካራ ከሆነ ግን በማጭበርበር ምርመራም፣ በፎረንሲክም፣ በክትትል ሥራም ትወዳደሪያለሽ። የመጀመሪያው ሥራ የሌሊት ፈረቃ ሊሆን እንደሚችል ካሁኑ እወቂው፤ ንጹህ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረውም ብዙ ጊዜ እዚያው ወንበር ላይ ነው የሚጀምረው።

ስለ ክፍያው በግልጽ ልናገር። አባትሽ ሊከፍሉልሽ መፈለጋቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ገንዘቡን ልጓም ማድረጋቸው ግን ልክ አይደለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የምትማረው አንቺ ነሽ። ተረት በተረት አትመልሺላቸው። ዝርዝሩን አትመሽ አጠገባቸው ቁጭ በይና እያንዳንዱ ኮርስ ምን ሥራ ላይ እንደሚውል አስረጃቸው።

ሒሳቡ አያስፈራሽ። ስታቲስቲክስ አይቀርልሽም፣ ኢንክሪፕሽንን (መረጃን በሚስጥር ቁልፍ መቆለፍን) ግን መጠቀም ሌላ መፍጠር ሌላ ነው፤ ከባዱ ሒሳብ ያለው መፍጠሩ ላይ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪውን መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ብታስቢበት ይሻላል።

ዝርዝሩን ስታገኚ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ይሁን።